ቅዳሜን የበላው ካውያ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ባሕር ዳር ሽምብጥ የሚኖሩ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ባንክ ይሠራሉ፤ አራት ተማሪ ልጆች አሏቸው፤ አማታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ። ልብስ የምታጥብ ሴት ረቡዕና ዓርብ ትመጣለች፤ መተኮሱ ግን የእርሳቸው ድርሻ ነው። እሁድ ሰንበት ስለሆነ አማታቸው በቤቱ ካውያ አያስነኩም። ስለዚህ የሳምንቱ ልብስ ሁሉ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይተኮሳል። «መብራት ከጠፋ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ነው» ይላሉ። በእንፋሎት የሚሠራውን ውድ ካውያ ብገዛ ይገላግለኛል ወይ? ካልሆነስ ሳይተኮስ ቢለበስ የማያሳፍረው የትኛው ነው? አማታቸው «ያልተተኮሰ የለበሰ ልጅ እናት የሌለው ይመስላል» ስለሚሉ ካልሲ እንኳ ሳይተኮስ አያልፍም።

እህቴ፣ ካውያውን አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ። በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ 30 ያህል ትከሻው ሰፋ ያለ የልብስ መስቀያ፣ የማይረግብ የማስጫ ገመድና ሁለት ሦስት ደርዘን መቆንጠጫ ይግዙ፤ መልስም ይተርፍዎታል። ይህን የምለው ካውያ ጠልቼ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬ ነው። ካውያ ግን ጠጋኝ ነው። ልብሱ የሚጨማደደው ሳፋው ውስጥና ገመዱ ላይ ነው፤ እርስዎ ቅዳሜ ዕለት የሚተኩሱት ረቡዕና ዓርብ የተበላሸውን ነው።

ሥራ የጀመርኩት በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጨራረስ ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተቋቋመው ይህ ፋብሪካ አንሶላ ያመርታል፤ የከተማችን ሰው ግማሹ የተኛበት አንሶላ ከዚያ የወጣ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እዚያ ስቴንተር የሚባል ረጅም ማሽን አለ። እርጥቡ ጨርቅ ግራና ቀኝ ጠርዙን ተይዞ፣ ተወጥሮ፣ በሞቀ አየር ውስጥ ያልፋል። በአንዱ ጫፍ ተኮማትሮ የገባው በሌላው ጫፍ እንደ ወረቀት ተዘርግቶ ይወጣል። ማንም ካውያ አልነካውም። ወጣት ሳለሁ ይህን አይቼ «ታዲያ ቤት ውስጥ ለምን እንተኩሳለን?» ብዬ የክፍሉን ሽማግሌ ብጠይቃቸው «ሚስቶቻችን አጣምመው ስለሚያሰጡ» አሉኝ። ዛሬ ቢሆን «እኛ ስለማናሰጣ» ብዬ በመለስኩላቸው ነበር።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። የጥጥ ክር ሴሉሎስ ከሚባል እንደ ሰንሰለት ከረዘመ ቅንጣት የተሠራ ነው። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን በደካማ ትስስር ይያያዛሉ። ውሃ መካከላቸው ሲገባ ትስስሩ ይላላል፤ ክሩ እንደ ሊጥ የሰጡትን ቅርጽ ይቀበላል። ውሃው ሲወጣ ትስስሩ እንደገና ይጠብቃል፤ በምን ቅርጽ ላይ እንዳለ አይጠይቅም። ተወጥሮ ከደረቀ የተወጠረ፣ ተጠምዝዞ ከደረቀ የተጠመዘዘ ሆኖ ይቀራል። ጥጥ በዚህ በኩል ታማኝ ነው፤ የደረቀበትን አይረሳም።

ፖሊስተር ጠባዩ ሌላ ነው። ውሃ ብዙም አይጠጣም፤ የሚያለሰልሰው ሙቀት ነው። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይላላል፤ ሲቀዘቅዝ በዚያው ይረጋል። ብዙ ቤት የሚፈጸመው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የልጆቹ ዩኒፎርም ኮሌታ ቆሽሿል ተብሎ የፈላ ውሃ ይገለበጥበታል፤ ትኩስ እንደሆነ ይታሻል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠመዘዛል። ከዚህ በላይ ጭምድድን በልብስ ላይ የሚያትም ዘዴ ብፈልግ አላገኝም። ዩኒፎርሙ ፖሊስተር ካለበት ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። የኮሌታውን እድፍ ደረቅ ሳሙና ቀብተው ሩብ ሰዓት ቢያቆዩት ይለቃል።

እንግዲህ ወደ ሳፋው እንምጣ። ልብስ የምታጥብልዎት ሴት እንደ አብዛኞቹ ከሆነች ሁሉንም አጥባ፣ ሁሉንም አለቅልቃ፣ ሁሉንም ጠምዝዛ ሳፋ ላይ ትከምራለች፤ ከዚያ ነው ማስጣት የምትጀምረው። ከታች ያለው ሸሚዝ ተጠምዝዞ ከላዩ አንሶላ ተጭኖበት አንድ ሰዓት ይቀመጣል። የባሕር ዳር የበጋ ፀሐይ ደግሞ የዳር ዳሩን ወዲያው ማድረቅ ይጀምራል። ቅዳሜ ዕለት ውሃ እየረጩ፣ በክርንዎ እየተጫኑ የሚታገሉት ያችን አንዲት ሰዓት ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ይለውጡ። አንደኛው፣ የሚታይ ልብስ አይጠምዘዝ። ሸሚዝ፣ ሱሪና ጉርድ ቀሚስ በሁለት መዳፍ መካከል ተጭኖ ውሃው ይውጣለት ወይም ሳይጨመቅ እየተንጠባጠበ ይሰጣ፤ የውሃው ክብደት ራሱ ወደ ታች ይወጥረዋል። ፎጣ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ እንደ ልብ ይጠምዘዙ። ሁለተኛው፣ አምስት ስድስት ልብስ እንደተለቀለቀ ይሰጣ፤ ከዚያ ወደ ሌላው። የምታጥበው ሴት «መመላለስ ሆነብኝ» ማለቷ አይቀርም፤ እውነቷንም ነው። ገመዱን ወደ ሳፋው ያቅርቡላት እንጂ አይቆጧት። ማጠቢያ ማሽን ካለዎትም ሕጉ ያው ነው፤ ከበሮውን አንድ ሦስተኛ ባዶ ይተዉለት፤ መጭመቂያውን ለሸሚዝ ዝቅ ያድርጉት፤ ሲቆም ወዲያው ያውጡ።

የባለቤትዎን ሸሚዝ እንዴት እንደምሰቅል ልንገርዎት፤ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ ለአዲስ ሠራተኛ የማሳየው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ሸሚዙን ከታች ጠርዙ በሁለት እጅ ይዞ፣ ኮሌታው ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ ሦስት ጊዜ በኃይል ማርገፍ፤ እንደ ጅራፍ ጧ ማለት አለበት። ከዚያ መስቀያው ላይ ማግባት። የላይኛውን ቁልፍና ከላይ ሦስተኛውን መቆለፍ፤ ሁሉንም መቆለፍ አያስፈልግም። ኮሌታውን በሁለት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይዞ ከመሐል ወደ ጫፍ መሳብ፤ ይህ ሦስት ሰከንድ የሚፈጀው ነገር በካውያ ሁለት ደቂቃ ያድናል። የቁልፎቹን መስመር ከላይና ከታች ይዞ ገትሮ መሳብ። ኪሱን በመዳፍ መዳመጥ። እጅጌውን በስፌቱ ይዞ ወደ ታች ሳብ ማድረግ። ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም። እንዲህ የደረቀ ጥጥና ፖሊስተር ድብልቅ ሸሚዝ ከኮሌታውና ከደረቱ በቀር ካውያ አይጠይቅም፤ ሹራብ ወይም ኮት ከላዩ የሚለበስ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይጠይቅም። ባለቤትዎ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ የባንክ ሰው ለመቁጠርና ለመደርደር እጁ የተፈታ ነው።

ሱሪ በተቃራኒው ከእግሩ ይሰቀላል። የሁለቱን እግር ስፌት አጋጥመው በታችኛው ጠርዝ በመቆንጠጫ ይያዙት፤ ከባዱ ወገቡ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ መሐል ያለው መስመርም ሳይጠፋ ይደርቃል። የሴት ልጆች ዩኒፎርም ፕሊሴ ጉርድ ከሆነ እጥፋቱ በፋብሪካ በሙቀት የተቋጠረ ነው፤ ሙቅ ውሃ ካልነካው አይፈታም። ከወገቡ ሰቅለው እጥፋቱን በጣት ይደርድሩት። ሹራብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ካውያ የሚባል ነገር አይቅረበው።

አንሶላ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ማዕዘኑን ይዛችሁ ተፋጠጡና ሳቡ፣ ከዚያ ሁለቱን ጠርዝ አጋጥማችሁ ገመዱ ላይ ወጥራችሁ ቆንጥጡ። ይህ የድሃ ሰው ስቴንተር ነው። ሲደርቅ ከገመዱ እንደወረደ እዚያው ይታጠፍ፤ አልጋ ላይ ተወርውሮ ማታ እንዲታጠፍ አይደር። የሞቀ ልብስ ተከምሮ ሲቀዘቅዝ ሌላ ዙር ይጨማደዳል።

ስለ አየራችን ጥቂት ልበል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ችግራችን ልብሱ ቶሎ መድረቁ ነው። እኩለ ቀን ላይ የተሰጣ የጥጥ ሸሚዝ በአጭር ጊዜ እንደ ቆዳ ይደርቃል፤ ቀለሙም ይበላል። ስለዚህ ጠዋት አስጥተው ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ያውርዱት። መተኮስ ካለበትም ያኔ ይተኮስ፤ እርጥበት ያለው ጥጥ አንድ ጊዜ ሲያልፉበት ይታዘዛል፤ አጥንት የሆነው አምስት ጊዜ ያስመልሳል። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ነጻ ሠራተኛ ነው። ሽምብጥ እየኖሩ ገመድዎን ከግንብ ጀርባ ከዘረጉት ሐይቁን ያባከኑት እርስዎ ነዎት። ነፋሱ በሚያልፍበት አቅጣጫ ይዘርጉት፤ ልብሱ እየተውለበለበ ራሱን ያረግፋል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ሐምሌና ነሐሴ ልብስ ሁለት ቀን ሰንብቶም አይደርቅም፤ ያኔ ካውያው ማድረቂያ ይሆናል። ይህን ስሌት ይመልከቱልኝ። በእጅ የተጨመቀ ወፍራም የጥጥ ሱሪ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዞ ይቀራል። ግማሽ ሊትር ውሃ ለማትነን 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። 1000 ዋት የሆነ ካውያ፣ ሙቀቱ አንዳች ሳይባክን፣ ይህን ለመስጠት 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በተግባር ደግሞ የሚባክነው ብዙ ነው። አንድ ሱሪ ሰላሳ ደቂቃ! ከዚህ ይልቅ እርጥቡን ሱሪ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ልጆቹ ይርገጡበት፤ ውሃው ወደ ፎጣው ይሄዳል። ከዚያ በረንዳ ጣሪያ ሥር፣ በልብሶቹ መካከል አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ትተው ይስቀሉት። በክረምት የአራቱን ልጆች ዩኒፎርም አንድ ቀን አያሳጥቡ፤ ሁለቱን ረቡዕ፣ ሁለቱን ዓርብ።

አሁን ወደ አማትዎ። እርሳቸው የሚሉት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ይህን ሳይቀበሉ ቢከራከሯቸው ይሸነፋሉ። በእርሳቸው ዘመን ካውያ ለውበት ብቻ አልነበረም። ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን የምታስተላልፈው የልብስ ቅማል እንቁላሏን የምትጥለው ስፌት ውስጥ ነው፤ የከሰል ካውያ በስፌቱ ላይ ሲሄድ ያንን ይጨርሰዋል። በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍል፣ በአገራችንም ጭምር፣ እንቁላሏን ጥላ ያለበት አፈር ላይና እርጥብ ልብስ ላይ የምትጥል ዝንብም አለች። የተፈለፈለው ትል የልብሱን ባለቤት ቆዳ በስቶ ይገባና እንደ እባጭ ያብጣል። የሕፃን ልብስ፣ የውስጥ ልብስና አንሶላ ሳይተኮስ አይለበስ የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለዚህ ካልሲውንና የውስጥ ልብሱን መተኮስ ማቆም ይችላሉ፤ ግን በሁኔታ ነው። ልብስ ሣር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ አይሰጣ። ገመዱ ከመሬት ከፍ ይበል። የውስጥ ልብስ ቀጥተኛ ፀሐይ ላይ፣ ተገልብጦ፣ ስፌቱ ሳይቀር ክው ብሎ እስኪደርቅ ይቆይ። ይህ ከተሟላ ካውያው የሚጨምረው የለም። ክረምት ላይ በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀና ደጅ ያደረ የልጅ ልብስ ከሆነ ግን አማትዎን ይስሙ፤ ስፌቱን ጨምረው በደንብ ይተኩሱት። እንዲህ ብለው ቢያስረዷቸው የሚሰሙ ይመስለኛል፤ «ዘመናዊ ሆንኩ» ከማለት ይሻላል።

ልብስ ሲገዙም ግማሹን ሥራ መገላገል ይችላሉ። ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲመርጡ ጥጉን በጭብጥዎ አጥብቀው ይዘው እስከ አሥር ይቁጠሩና ይልቀቁት። ተጨማዶ ከቀረ ቅዳሜዎን እየገዙ ነው። ለዩኒፎርም ሸሚዝ 65 በመቶ ፖሊስተር 35 በመቶ ጥጥ የሆነው ድብልቅ ከሁሉ የማያስቸግር ነው፤ ምንም እንኳ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ልጅ የሚያልበው ቢሆን። ላብ የሚያመጣ ልብስ ለልጄ አላለብስም የሚሉ ከሆነ አልፈርድብዎትም፤ ጥጡን ይግዙና ኮሌታውን ብቻ ይተኩሱ። «ተኩስ አይፈልግም» ተብሎ የሚሸጠው የጥጥ ሸሚዝ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በሚያስር ሙጫ የተነከረ ነው። ሙጫው ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ስላለበት ከመለበሱ በፊት ይታጠብ፤ በረኪናም አያግኘው፣ ይቢጫል። በሩዝ ውሃ ነክሮ ማጠንከሩ ግን ለልጆች ሸሚዝ ይቅር። ፎገራ ጎረቤታችን ስለሆነ ሩዙ አይጠፋንም፤ ዳሩ ግን የጠነከረ ጨርቅ ያለ ካውያ አይለበስም፤ ሥራ መጨመር ነው።

ለባለቤትዎና ለእርስዎ የሥራ ልብስ፣ ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ካውያው ይቀራል። ስገምት ከ60 ልብስ 12 ወይም 15 ቢሆን ነው። እነርሱንም በአንድ ጊዜ አይከምሩ። ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ይሂዱ፦ በካውያው ላይ አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለናይለን፤ ሁለት ነጥብ 150 ነው፣ ለፖሊስተርና ለሱፍ፤ ሦስት ነጥብ 200 ነው፣ ለጥጥ። ካውያ ቶሎ ይግላል፣ ለመቀዝቀዝ ግን ይለግማል። ይህን የተማርኩት በእንግዳ ሸሚዝ ላይ ነው። በምሠራበት ሆቴል የጥጥ ጠረጴዛ ልብስ ስተኩስ ቆይቼ ቁልፉን ወደ አንድ ነጥብ መለስኩና ወዲያው የአንድ እንግዳ ናይለን ሸሚዝ ላይ አሳረፍኩት። የካውያው አፍንጫ ቅርጹን ሳይቀንስ ጀርባው ላይ ቀረ። ከደመወዜ ከፈልኩ፤ ሸሚዙን ግን ለአዲስ ሠራተኛ ማስተማሪያ አድርጌ ለዓመታት ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር።

መብራት ከጠፋብዎ እርጥበት ያለውን ልብስ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያቆዩት፤ ሲመጣ ለመተኮስ ዝግጁ ነው። እንዳያድር ግን፤ ይሻግታል። የከሰሉን ካውያ ካወጡ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። የታፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚለቀው ጭስ አልባ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። የኤሌክትሪኩንም ቢሆን ከፍሪጅና ከምጣድ ጋር በአንድ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰኩት።

የእንፋሎት ካውያው ታዲያ? የእንፋሎቱ ጥቅም እርጥበት መስጠቱ ነው፤ እርጥበቱን ልብሱን በጊዜ በማውረድ ካገኙት ሌላ አይገዙም። ከደረቀ ደግሞ በመርጫ ጠርሙስ ረጭተው ለአምስት ደቂቃ ጠቅልለው ያቆዩት። ሁለት ወር በዚህ ይሞክሩና አሁንም ከቀረብዎ ያኔ ይግዙ።

የመጨረሻው ነጠላና ጋቢ ነው፤ በጥያቄዎ ባይጠቅሱትም አማትዎ ባሉበት ቤት መቼም አይጠፋም። በእጅ የተሸመነ ነጠላ ላይ ካውያ ባይጫን እመርጣለሁ፤ ሽመናው ይደፈጠጣል፤ ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጣል፣ ወርቀ ዘቦ ከሆነ ይጠቁራል። የሀበሻ ቀሚስም ግድ ከሆነ ተገልብጦ፣ ፎጣ ላይ፣ ከጥለቱ ጀርባ ነው የሚተኮሰው። ነጠላ ግን እርጥበት እንዳለው ለሁለት ተይዞ ይሳባል፣ በጥለቱ ልክ ይታጠፋል፣ ሌሊቱን ፍራሽ ሥር ያድራል። ይህን አማትዎ ከእኔ በላይ ያውቁበታል፤ ልጆቹን እርሳቸው ያስተምሩልዎ። አንዱ ቀድሞ ከለቀቀ ሌላው በጀርባው እንደሚወድቅ ግን ያስጠንቅቋቸው፤ ልጆች ከሥራው ይልቅ የሚወዱት ያንን ነው።